ባዶው ጓንት

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቅንጣት ውሸት ከተገኘችበት ይህን የጻፍኩበት እጄ ይቆረጥ። እኔን አጋናኝ ነው ብለው የሚያሙኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱ ሐሜታቸውን ሲያጋንኑ ነው። እዚህ "ነበር አሉ" የሚባል ነገር የለም። ባለታሪኳ በገዛ አፏ ነግራኛለች። ፋብሪካውን በእግሬ ረግጬው ባላውቅም ከረገጡት ሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ። በዚያ ላይ የዓይን ምስክር አለኝ። ምስክሬ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዞ የሚውለው ዘበኛ ነው። ሙቀትም ሆነ ብርድ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አያወጣም፤ አላፊ አግዳሚው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልስ አያገኝም። እኔ ግን አውቃለሁ። ኪሱ ውስጥ አንድ የቆዳ ጓንት ይዟል። የምን ጓንት እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርሱበታላችሁ። ጽሑፉን ለአሳታሚ ከመስጠቴ በፊት ለእሱ አነብለታለሁ፤ ቃል በቃል ካልመሰከረልኝ ወረቀቱን አላምጬ እውጠዋለሁ።

ልጅቷን ቤተሰቦቿ "ጃፓኗ" ይሏታል። ስሙ የወጣላት አንድም የጃፓን ፊደል ሳትቆጥር ነው፤ ያወጣላትም አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሸኛት እሱ፣ ስታለቅስ የጆሮዋን ጫፍ በጣቱ ጠቅ አድርጎ የሚያስቃት እሱ። "ጋሼ" ትለዋለች፤ ታሪኩን ስትነግረኝም ከዚህ ሌላ ስም አልሰጠችውምና እኔም ጋሼ ልበለው።

ጋሼ የመኪና በር ማጠፊያ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የፕሬስ ሠራተኛ ነው። ፕሬስ ማለት ላሜራ ከሥሩ አስተኝተውለት ከላይ ወርዶ የሚቀጠቅጥ ብረት ነው። የጋሼ ፕሬስ ደግሞ ሲወርድ ከተማው ሁሉ ይነቀነቃል፤ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የተቀመጠ ሰው የያዘው ብርጭቆ ይንጫጫል፤ ጥርሱ ሰው ሠራሽ የሆነማ አፉን በእጁ ይደግፋል። ሠራተኞቹ "አዞው" ይሉታል። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። አሮጌ ሆኖ ከጃፓን የመጣ ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ጋሼ ቁልፎቹን የሚያውቃቸው በቦታቸው ነው።

"ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ" ማለት ይወድ ነበር።

ያኔ ይህ ለሰሚው ሁሉ ተራ ጉራ ነበር።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ምን ልማር ብላ አማከረችው። ጋሼ አላመነታም።

"ጃፓንኛ።"

"ጋሼ፣ ቀልድህን ተው።"

"ምን ቀልድ አለው? እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ፈረንሳይኛም የራሱ ሰልፍ አለው። የአዞውን ቋንቋ የሚያውቅ ግን በዚህ ከተማ አንድ ሰው የለም። ተማሪና ሆዱን ሲያመው ምን እንደሚል ትነግሪኛለሽ።"

እናቷ ከጓዳ ሆና ሰማች። "ወንድሜ፣ ለልጄ ሥራ ፈልግላት አልኩህ እንጂ ለማሽንህ ሚስት አጭለት አላልኩህም" አለች።

ተሳቀ። ልጅቷም ገባችበት።

የጃፓንኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ለመናገር፣ ሦስተኛው ለመከራ። የሦስተኛውን ብዛት አዋቂዎች በሺህ ይቆጥሩታል፤ እኔ ማጋነን ስለማልወድ ከሰማይ ከዋክብት ጥቂት ያንሳል ብዬ አልፈዋለሁ። ልጅቷ እንደ ውኃ ጠጣችው። ተኝታ እንኳ ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ይጽፍ ስለነበር እናቷ ጠዋት ስታነሳው ተበስቶ ታገኘዋለች። ትምህርት ክፍሉ ግጥምና ተረት የሚነበብበት አልነበረም፤ የሚያስተምሩት ለሥራ የሚሆን ጃፓንኛ ነው። የስም ካርድ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚሰጥ፣ አሳንሰር ውስጥ አለቃ የት እንደሚቆም፣ ስልክ ሲያነሱ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፣ ዕቃው ሳይዘገይ በፊት ስለመዘግየቱ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠየቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስተርጎም።

መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ቧንቧ ሣለ።

"አስተርጓሚ ይህ ነው" አለ። "በዚህ በኩል የገባው በዚያ በኩል ይወጣል። ውኃው ቢመር ቧንቧው ስኳር አይጨምርም። ስኳር የጨመረ ቀን ሰው ይሞታል።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ ግን እስኪጨርሱ ጠብቆ የሳለውን ቧንቧ በዝግታ አጠፋው።

ልምምዱም ከባድ ነበር። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ ይሰዳደባል፣ አንዱ መሀል ቆሞ ስድቡን ሳያለዝብ ያሻግራል። ሌሎቹ ሲያፍሩ ያለዝቡታል፣ "ትንሽ ቅር ብሎታል" ይላሉ። ጃፓኗ ግን ስድቡን ከነ እሾሁ ታቀብላለች። አንድ ጊዜ ያስተረጎመችው ስድብ በጣም ከመጥራቱ የተነሳ ተሳዳቢው ራሱ ሰምቶ አለቀሰ። መምህሩ ያን ቀን ብቻ ፈገግ አለ ይባላል።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሁሉ ለልምምድ ወደ ሥራ ቦታ ይላካል። ማጠፊያዎቹን የሚገዛው የጃፓን ድርጅት አሠራሩን አይቶ ውሉን የሚያራዝም ተቆጣጣሪ ሊልክ ነበርና ፋብሪካው አስተርጓሚ ፈለገ። ሰውዬው ስለ አስተርጓሚዋ መልካም ቃል ከሰጠ ድርጅቱ እዚያው ጃፓን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ይቀጥራታል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያ ሥራ ምራቁን ሲውጥ የከረመ ነው። ዕጣው ለእሷ ወጣ፤ ጋሼም አንድ ሳምንት ሙሉ የአንገቱ ቁመት ጨመረ።

ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት አንድ የቤት ሥራ ነበረባት። በጃፓን ፋብሪካዎች ሠራተኛ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት የሚያረጋግጠውን ነገር በጣቱ ይጠቁማል፣ በዓይኑ ያየዋል፣ በአፉ ይጠራዋል። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ክንዱን ዘርግቶ "አረንጓዴ፣ ዮሺ" ይላል። ዮሺ ማለት ደህና ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ይህን ለሠራተኞቹ እንድታስተምር ታዘዘች።

"ዮሺ ማለት እሺ ነው፤ ጉንፋን ይዞት ነው እንጂ" አለ ሳቂታው።

ሳቂታው የጋሼ ጥንድ ነው። በአዞው ላይ የሚሠሩት ሁለት ሆነው ነውና እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ከፊት ቆሞ ፔዳሉን በእግሩ ይረግጣል። ሳቂታው ከማዶ ቆሞ ላሜራውን በእጁ አዞው አፍ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ተቀጥቅጦ ያለቀውንም አውጥቶ ብረት ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ በሁለት እጁ ሁለት ቁልፍ ሲጫን ከራሱ በላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ማለት የሳቂታው እጆች ውጭ ናቸው ማለት ነው። ቀይ ማለት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። የዘመኑ ማሽን ቀይ እያለ ቢረግጡትም አይታዘዝም፤ አዞው ግን አሮጌ ነው፣ የረገጠውን ሁሉ ይታዘዛል። በሳቂታው እጅና በአዞው ጥርስ መካከል ያለው የጋሼ ዓይን ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ ጥሪውን መጀመሪያ አፈሩበት። "ከመብራት ጋር ልናወራ ነው?" አሉ። ልጅቷ ብልህ ናትና ዜማ አበጀችለት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። አንዱ ጠረጴዛ ሲጠራ ሌላው ይቀበላል፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጎልቶ የጠራውን በየሳምንቱ በሰው ፊት ያመሰግናል። ከሁሉም የሚበልጠው ጋሼ ነበር። ክንዱ እንደ ቀስት ይዘረጋል፣ ድምፁ ሲነሳ ጣሪያው ላይ የሰፈሩ ርግቦች ብድግ ብለው ሌላ ከተማ ይገባሉ።

ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ጫማው ድምፅ የሌለው ሰው። ሠራተኞቹ ሰላምታ ሲሰጡት ጎንበስ አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ያዘጋጀውን ንግግር እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ ጠመኔ አወጣና ከአዞው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ክብ ሠራ። ሁለት ሰው የሚያስቆም ክብ። ገባበት። ልጅቷንም በእጁ ጠራት።

"እዚህ ቆመን እናያለን" አላት በጃፓንኛ። "ሌላ ሥራ የለንም።"

ቆሙ። አልተቀመጡም፣ አልተነጋገሩም። ይህም የአሠራራቸው ወግ ነው፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ነገሩ ራሱን እስኪገልጥ ማየት። አዞው ይከፍታል፣ ይዘጋል። "አረንጓዴ፣ ዮሺ" ይላል ጋሼ። ሳቂታው ይስቃል፤ በሆነው ባልሆነው መሳቅ ልማዱ ነው። ሠራተኛው በየጊዜው አንገቱን ወደ ክቡ ያዞራል፤ ሰውዬው ግን ዓይኑን ከአዞው አይነቅልም። ከሰዓት በኋላ ላይ የልጅቷ እግር ከእግርነት ወጥቶ እንጨት ሆነ።

ሥራ ሲያበቃ ጠየቃት። "ምን አየሽ?"

"ሥራው በደንብ እየሄደ ነው።"

ሰውዬው ጎንበስ አለ። "ነገ ደግሞ እናያለን።"

በማግሥቱ ጠመኔውን እንደገና አወጣና በትናንቱ መስመር ላይ መልሶ ሠራው። የትናንቱ አልጠፋም ነበር። ለምን ደገመው ብላ አሰበችና እሱ የሚያየውን ለማየት ዓይኗን አዞው ላይ ተከለች።

ያን ቀን ማየት ጀመረች። የጋሼ ጣት መብራቱ ላይ ነው። ድምፁ መብራቱ ላይ ነው። ዓይኑ ግን መብራቱ ላይ አይደለም። ከመብራቱ አጠገብ ያለ ባዶ ግድግዳ ላይ ነው። አንገቱ ዘንበል ብሏል፣ ጆሮው ወደ ሳቂታው ተቀስሯል። ያለቀው ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ሲወድቅ "ኳ" ይላል፤ ጋሼ "አረንጓዴ" የሚለው ከኳታው በኋላ ነው። አንዳንዴ ሳቂታው ዕቃውን ከጣለ በኋላ የቀረ ፍርፋሪ ብረት ለመልቀም እጁን መልሶ ያስገባል። ያኔ ይስቃል፣ ሳቁም ከአዞው አፍ ውስጥ ታፍኖ ይመጣል፤ ጋሼ ይጠብቃል። ሳቁ ከውጭ ሲመጣ ይረግጣል።

ከምሳ በፊት ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው መፍቻ ጣለ። ኳ። መብራቱ ቀይ ነው። ሳቂታው ክርኑ ድረስ ውስጥ ነው። የጋሼ ክንድ ተዘረጋ።

"አረንጓዴ፣ ዮሺ።"

እግሩ ከወለሉ ተነሳ። ከአዞው አፍ ውስጥ ሳቂታው ስለ መፍቻው የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፣ የጋሼም እግር አየር ላይ ቆመች፣ በዝግታም ወደ ወለሉ ተመለሰች። ማንም ልብ አላለም። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ጎን አየች። ተቆጣጣሪው አዞውን እያየ አልነበረም። እሷን እያየ ነበር።

በምሳ ሰዓት ጋሼን እጅ መታጠቢያው ጋ አገኘችው።

"ጋሼ፣ መብራቱ ይታይሃል?"

"የቱ መብራት?" እጁን በሳሙና ያሻል።

"ጋሼ።"

"ይታየኛል። እዚያ እንዳለ አውቃለሁ።"

"ቀለሙስ?"

ቧንቧውን ዘጋ። "ቀለሙን ሳቂታው ይነግረኛል።"

"እሱ ያውቃል?"

"ኧረ እሱ ምን ያውቃል፣ ይስቃል እንጂ።" ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "ጭጋግ ነው፣ የኔ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ይከብዳል እንጂ ያን ያህል አይደለም።"

"ሐኪም ጋ ሂድ።"

"ሐኪሙ የፋብሪካው ነው። ዛሬ ዓይኔን ካየ ነገ በሩን ያሳየኛል። ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ቆሟል። አንቺም ይህ ዝምተኛ ሰውዬሽ ሲወድሽ ሥራሽን ትይዣለሽ። ያኔ ተኝቼ እታከማለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።"

"እጁ ቢሄድስ?"

"የማን እጅ?"

"የሳቂታው ነዋ።"

"በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጥፍሩን ነክቼበታለሁ?" አለና ሳቀ። እንደ ልጅነቷ ሊያስቃት እርጥብ ጣቱን ወደ ጆሮዋ ሰደደ።

ጣቱ ጆሮዋን ሳተ። ጉንጯ ላይ አረፈ። እሱ አላወቀም፤ ጆሮዋን እንደነካ ሰው ፈገግ ብሎ ሄደ።

ማታ ሲለቁ ተቆጣጣሪው ጠየቃት። "ዛሬስ ምን አየሽ?"

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ቢወጣ ጋሼ በሩን ያያል፣ እሷ ደግሞ ያሳደጋትን ሰው ከሥራ ያባረረች ልጅ ትሆናለች። ካልወጣ ደግሞ አዞው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"ምንም" አለች።

"ነገ ደግሞ እናያለን።"

በሦስተኛው ቀን ጠመኔውን አላወጣም። ክቡ ውስጥ ጥቂት ቆመና፣ ከመጣ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ከዚያ መስመር ሲወጣ ታይቶ የማያውቀው ሰው፣ መስመሩን ተሻግሮ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሄደ። ልጅቷ ተከተለችው። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ ወደቀ፤ ዜማው ተቋረጠ፣ መዶሻ ቆመ። የአዞው ሞተር ብቻ ከሥር ያጉረመርማል። አፉ እንደተከፈተ ነው። ሳቂታው ከማዶ ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪ ይለቅማል። መብራቱ ቀይ ነው።

"መብራቱ አሁን ምን ቀለም እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለ ተቆጣጣሪው።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንፋሹን ቢይዝ ይሻለዋል፤ እኔ ራሴ ይህን ስሰማ ለሩብ ሰዓት አልተነፈስኩም።

ጋሼ ወደ እሷ ዞረ። ምን እንደተጠየቀ ሳይነገረው ገብቶታል። ዓይኑ ፊቷን ፈለገና ትንሽ ወደ ግራ አረፈ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ የጠፋውን ቧንቧ አሰበች። እናቷን አሰበች። ያንን እርጥብ ጣት አሰበች።

"መብራቱ አሁን ምን ቀለም ነው ብሎ ይጠይቅሃል" አለች። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

"አረንጓዴ" አለ ጋሼ። ፉከራው እንዲታመንለት ደግሞ ክንዱን እንደ ቀስት ዘረጋ። "አረንጓዴ፣ ዮሺ።" ረገጠ።

ያኔ ጃፓኗ ዘለለች። የዘለለችው ዝላይ በዓለም ላይ ተመዝግቦ ቢሆን ሌሎቹ ሁሉ ይሰረዙ ነበር። ከአዞው ራስ በላይ አልፋ፣ የሳቂታውን ኮሌታ አየር ላይ ጨብጣ፣ ሰውዬውን ከነ ጫማው ነቅላ እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ድረስ ይዛው በረረች። እጁ ከቆዳው ጓንት ሾልኮ ወጣ። አዞው አፉን ዘጋ። ከተማው ተነቀነቀ። ሲከፍት ጥርሱ መካከል ተጨፍልቆ የተገኘው ጓንቱ ብቻ ነበር። ባዶው ጓንት።

ተቆጣጣሪው ግንባሩ ወለል እስኪነካ ለልጅቷ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል የጠመኔው መስመር ግንባሩ ላይ ታትሞ ነበር። ሥራውን በዚያው ቅጽበት ሰጣት። ዛሬ እዚያ አገር ያለ እሷ ባለሥልጣን ከባለሥልጣን ጋር ሰላምታ አይለዋወጥም። ጋሼ በክብር ተሸኘ፣ ዓይኑን ታከመ፣ አሁን የጉንዳን እግር ቢቆጥር አይሳሳትም። ብቻ ከቤት አይወጣም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፣ ሰውም ሲመጣበት አይወድም። ብዙ የሠራ ሰው ነው፣ ዕረፍት ይገባዋል። ሳቂታውም ጸጥ ያለ ሥራ ይሻለኛል ብሎ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ፤ ጓንቱን ለመታሰቢያ ኪሱ ውስጥ ይዞ።

ይህን ሁሉ ልጅቷ የነገረችኝ ለመሄድ ሻንጣዋን ስታስር ነው። ተርካ እስክትጨርስ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም። ትሕትናዋ ነው።

ቃሌን ጠብቄ ወረቀቶቹን ይዤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ መድኃኒት ቤቱ በር ሄድኩ። ሳቂታው በግራ እጁ ወንበር ሳበልኝ። አነበብኩለት። እናትየዋ ስለ ማሽኑ ሚስት ያለችው ቦታ ላይ ፈገግ አለ። ክቡ ጋ ስደርስ መንገዱን ማየት ጀመረ። ዝላዩን እጄን እያወናጨፍኩ ነበር ያነበብኩት፤ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ ሰዎች እንኳ ቆመው ሰሙ። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ።

"በል መስክር" አልኩት።

"ጥሩ ጽፈሃል።" ሰዎቹ እስኪገቡ ጠበቀ። "ርግብ ግን አልነበረም እዚያ።"

"እሱ ማጣፈጫ ነው።"

"እሷም አልዘለለችም።" ድምፁ ለእኔ ብቻ የሚሰማ ነበር። "ሰውዬው ጠየቃት። እሷ ወደ ጋሼ ዞር ብላ 'ቀይ በል' አለችው። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም፤ እንግዳው የእኛን ቋንቋ አይሰማ፣ ምን አስፈራት። 'ቀይ' አለ ጋሼ። ሰውዬው እሷን ብዙ አያት፣ ጎንበስ አለ፣ ሄደ። እኔ ከማዶ ሰምቻለሁ። ጉድ ሠሩት ብዬ እየሳቅኩ ነው የዋልኩት።"

"ታውቅ ነበር?"

"ያኔ አወቅኩ። አውቄ ሳቅኩ። ሰው ነው፣ ጡረታው ደርሷል፣ ልጅቷም ትሂድበት፣ እኔ እየሳቅኩ እጠብቀዋለሁ አልኩ።"

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከመድኃኒት ቤቱ ወጣች። ሳቂታው በግራ እጁ በሩን ያዘላት።

"የሥራዋ ወሬ መጣ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ተባለች" አለ ተመልሶ ሲቀመጥ። "ልትሰናበተን መጥታ ክቡ ያለበት ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ጠመኔው ገና አልለቀቀም። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ብረት ወደቀ። እኔ ያን ቀን ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር። አልሳቅኩም።"

ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ አስተካከልኳቸው።

"ሌላውን ተወው፣ ያምራል" አለ ሳቂታው፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ። "አንዷን ብቻ አስተካክል። ጓንቱ ባዶ አልነበረም።"